ጉሎን በዶላር

ፂማችንን ስንላጭ አንገታችን ላይ የሚወጣው ሽፍታ ገበያ ሆኗል። «ከመላጨታችሁ በፊት ይህን ዘይት ተቀቡ፣ ሽፍታው ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ሳላይ የማድርበት ቀን የለም። እኔም እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም አካባቢ 1,800 ብር ከፍዬ አንዷን ገዛሁ። ጠርሙሷ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም።

ለሦስት ሳምንት ቀኙን በዘይትና በክሬም፣ ግራውን በክሬም ብቻ ተላጨሁ። (ሚስቴ ስቃብኛለች።) በዘይቱ በኩል ምላጩ ለስለስ ብሎ ይንሸራተታል፣ አልክድም። ሽፍታው ግን በሁለቱም በኩል ያው ነው። የቀነሰው መቼ ነው? ፂሜን በሙቅ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ አርሼ፣ ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይዤ፣ ፀጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ መላጨት ስጀምር!

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ጥቅልል ፀጉር ከሥሩ ሲቆረጥ ተጠምዝዞ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ባለ አምስት ምላጩ ደግሞ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ያባብሰዋል። ይህን ዘይት አያቃናውም። የአሜሪካ ጦር በዚሁ ችግር ብዙ ጥቁር ወታደሮቹ ፂማቸውን እንዳይላጩ ፈቃድ ሲሰጥ ኖሯል፤ ዘይት ቢፈታው ኖሮ ዘይት ያድላቸው ነበር።

እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። የጠርሙሷን ጀርባ ሳነብ ቀድሞ የተጻፈው የጉሎ ዘይት ነው። ጉሎ! አጥር ሥር ሳይዘሩት የሚበቅለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 አልፎም ጉሎን በዶላር እናስመጣለን፤ ያውም ለማይሠራው ሥራ። ክሬሙን ግዙ፤ እርጥበቱን ይይዛል፣ ፂሙን ያለሰልሳል። ዘይት ሻጮቹ ግን «ሽፍታ ያጠፋል» የምትለዋን ቃል ከማስታወቂያቸው ያውጡልን።