«ቻለው፣ ትለምደዋለህ» አትበሉት!



እጁ ተሰብሮ ጄሶ የተፈታለት ልጅ ወደ ጊታሩ ሲመለስ «አንጓዬን አመመኝ» ካለ ከመምህሩ፣ አንዳንዴም ከገዛ አባቱ የሚሰማው መልስ «ቻለው፣ ትለምደዋለህ» ነው። ይህ ምክር ስህተት ነው፣ ልጆችንም ይጎዳል።

የጀማሪ ጣት ጫፍ ክሩን ሲጫን ይቆጠቁጣል። ቆዳው ሲጠነክር በጥቂት ሳምንታት ይተዋል፣ እሱ አያስጨንቃችሁ። የአንጓ ሕመም፣ የክንድ መወጠርና የጣት መደንዘዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጣቶቻችንን የሚያጥፉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ክንዳችን ላይ ነው። ጅማቶቻቸው አንጓ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ከአንድ ነርቭ ጋር ተጨናንቀው ያልፋሉ። አንጓው በጣም በታጠፈ ቁጥር እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ለሳምንታት ጄሶ ውስጥ የቆየ እጅ ደግሞ ጡንቻው ሳስቷል፣ መገጣጠሚያውም ደርቋል። እንዲህ ያለውን እጅ «ቻል» ማለት ምን ማለት ነው?

«ታላላቆቹም ቆስለው ነው የተጫወቱት» የሚሉኝ አሉ። እስቲ አንዱን እንይ። የብላክ ሳባቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለነበር የተጎዳው ክር የሚጫንበት እጁ ነው። ታዲያ ጥርሱን ነክሶ ቻለው? የለም። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር አስገባ፣ በኋላም ክሮቹን አላልቶ መቃኘት ጀመረ። መሣሪያውን ለእጁ አስማማው እንጂ እጁን አላስገደደም።

እናንተም ከመሣሪያው ጀምሩ። ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ ጊታር አዋቂንም ያደክማል፤ ባለሙያ ዝቅ ያድርግላችሁ። ለትንሽ ልጅ በልኩ የተሠራ፣ ናይለን ክር ያለው ይሻላል። («ሲያድግ ይበቃዋል» ተብሎ የሚገዛው ጫማ ብቻ ይሁን!)

ከዚያ አቀማመጡን እዩ። ትከሻው ወደ ጆሮው ከወጣ፣ አንጓው እንደ መንጠቆ ከታጠፈ አስቁሙት። የጊታሩ አንገት ትንሽ ቀና ሲል አንጓው በራሱ ይቃናል፤ እግር ማስደገፊያ ወይም ማንገቻ ለዚህ ይረዳል። ቀጥሎ ይህን አሠሩት፦ ክሩን በስሱ ይንካ፣ ድምፁ ይታፈናል፤ ጥርት እስኪል ድረስ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይጫን። የሚያስፈልገው ጉልበት ይኸው ነው። አብዛኛው ሰው ከዚህ በላይ ነው የሚጫነው፤ አውራ ጣቱም ከጀርባ አንገቱን እንደ ጉጠት ጨምድዶ ይይዛል።

ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ለመነሻ ይበቃል። በማግስቱ ጠዋት ካላመመው ትንሽ ይጨምር፣ ካመመው ይቀንስ።

ዳይክሎፌናክ ውጦ ልምምድ መግባትን በተመለከተ፦ አይሆንም! ሕመሙን ደብቃችሁ ጉዳቱ እንዲቀጥል መንገድ መክፈት ነው፣ ጨጓራና ኩላሊትም ላይ ጣጣ አለው።

ጣቱ ከደነዘዘ፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ዕቃ ከእጁ የሚወድቅ ወይም አንጓው የሚያብጥ ከሆነ ሳትቆዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጊታሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጁ ሲይዘው ማየት ያስፈልጋል።