9.2 ከ10፦ በምን ተለክቶ?

ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ሴሚስተር ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ተማሪያችን ወደ ቢሯችን መጣ። የፈተና ውጤት ቅሬታ ይዞ የመጣ መስሎን ነበር፤ አልነበረም። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆኖ በሰፈራቸው አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ለመክፈት አስቧል፤ ገንዘቡ የሚወጣውም ለእናታቸው ከደረሳቸው ዕቁብ ነው። በእጁ ከኢንተርኔት ያተማቸውን ሃያ ገጽ ያህል ግምገማዎች ይዟል። በየገጹ ራስ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተከበቡ ቁጥሮች ይታያሉ፦ 9.2፣ 8.7፣ 94፣ 89። «ዶክተር፣ እርስዎ የቁጥር ሰው ነዎት፤ የትኛውን እንግዛ?» ሲል ጠየቀን።

ቁጥሮቹን ተመልክተን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ይህ ተማሪ ቀደም ሲል በቤተ ሙከራ ዘገባው ላይ የፔንዱለሙን ርዝመት «0.85» ብሎ ብቻ ጽፎ፣ አሃዱንም የስሕተት ወሰኑንም ስለ ዘነጋ ነጥብ የቀነስንበት ልጅ ነው። እርሱን አጥብቀን የጠየቅነውን ጥያቄ ለእነዚያ ሃያ ገጾች ያቀረበላቸው ማን ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የተወለደው ከዚህ ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ። ነጥብ የተሰጠበት ግምገማ ልኬት ነው። ልኬት እስከ ሆነ ድረስም ምን እንደ ተለካ፣ በምን ሁኔታ፣ ለምን ያህል ጊዜና በማን ወጪ እንደ ተለካ ሊጠየቅ ይገባዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ቁጥር የእናት ዕቁብ ሊወጣበት አይገባም።

የአምራቹ ቁጥር

አዲስ ኮንሶል ለገበያ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚሰጠን ገምጋሚው ሳይሆን አምራቹ ራሱ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2005 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያስተዋውቅ የመሣሪያው የማስላት አቅም 2 ቴራፍሎፕስ መሆኑን ገለጸ። አንድ ቴራፍሎፕስ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በአሥርዮሽ ቁጥሮች ላይ አንድ ትሪሊዮን ስሌት ማከናወን ማለት ነው። ከተባለው አቅም አብዛኛው የሥዕል ማቀናበሪያው ቺፕ በራሱ ልዩ አቆጣጠር የሚያከናውናቸው ሥራዎች ድምር ነበር።

ሳይንቲስቶች መሣሪያውን ለራሳቸው ሥራ ሲያውሉት ያገኙት ቁጥር ሌላ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. 1,760 ፕሌይስቴሽን 3 መሣሪያዎችን አገናኝቶ «ኮንዶር» የተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ሠራ፤ አቅሙም ወደ 500 ቴራፍሎፕስ ይደርስ ነበር። በውስጡ ሌሎች ሰርቨሮችና የሥዕል ማቀናበሪያ ካርዶችም ነበሩበት። ሙሉውን አቅም ለኮንሶሎቹ ብቻ ብንቆጥርላቸው እንኳ ለአንዱ የሚደርሰው 0.28 ቴራፍሎፕስ ገደማ ነው። ንጽጽሩ ፍጹም ትክክል ነው አንልም፤ መሣሪያው በሊኑክስ ሲሠራ የሥዕል ቺፑ ለተጠቃሚው ዝግ ነበርና። ነገር ግን አንድ ዕቃ እንደ አቆጣጠሩ 2ም 0.28ም ሊባል የሚችል ከሆነ፣ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

መሣሪያው መናኛ ነበር ማለታችን ግን አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ጋውራቭ ካና በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትማውዝ ጥቂት ፕሌይስቴሽን 3ዎችን አገናኝተው የጥቁር ጉድጓዶችን ስሌት ሠርተውበታል። ለስሌት የሚበጅ መሣሪያ ሁሉ ግን የገዢውን ልብ ያሸንፋል ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 በአሜሪካ በ499 እና በ599 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ፣ ከሁለት ቀን በኋላ የኒንቴንዶ ዊ በ250 ዶላር ገደማ ቀረበ። ዊ በስሌት አቅሙ እጅግ ደካማ ነበር፤ ባለ ከፍተኛ ጥራት ሥዕል እንኳ ማውጣት አይችልም ነበር። ነገር ግን የእጅ መቆጣጠሪያው በውስጡ የፍጥንጥነት መለኪያ ስለ ያዘ የተጫዋቹን ክንድ እንቅስቃሴ ያነብ ነበር። አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሳሎን ውስጥ ቴኒስ ተጫወቱበት። በመጨረሻ ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ፣ ፕሌይስቴሽን 3 ደግሞ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። ሰዎች ከመሣሪያው የፈለጉት ነገር በቴራፍሎፕስ የሚለካ አልነበረም።

ጊዜ የሚፈልገው ልኬት

አንዳንድ ባሕርያት ጊዜ ካልተሰጣቸው ፈጽሞ አይለኩም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ኤክስቦክስ 360 ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2005 ወጥቶ በብዙ ገምጋሚዎች ተወደሰ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በርካታ መሣሪያዎች ፊታቸው ላይ ሦስት ቀይ መብራቶች እያበሩ መሥራት አቆሙ። ማይክሮሶፍት በጁላይ 2007 የዋስትናውን ጊዜ ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፤ ለጥገናውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ።

ምክንያቱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊረዳው የሚችል ፊዚክስ ነው። ቁሳቁስ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ሲሊከንና ሥሩ ያለው ሰሌዳ ግን እኩል አይለጠጡም። ሁለቱን የሚያያይዙት ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች መሣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይጎተታሉ። ሽቦን ደጋግመን ስናጥፈው እንደሚበጠስ ሁሉ እነርሱም አንድ ቀን ይሰነጠቃሉ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም የችግሩ ምንጭ በቺፑ ውስጥ ያሉ ማገናኛዎች በሙቀት መፈራረቅ ምክንያት መሰበራቸው እንደ ነበር መሐንዲሶቹ አስረድተዋል።

አሁን ራሳችንን በገምጋሚው ቦታ እናስቀምጥ። መሣሪያው ደረሰው፤ ሳምንት ተጫወተበት፤ ጽሑፉን በቀነ ገደቡ አስረከበ። ብየዳው የሚሰነጠቀው ከብዙ መቶ መሞቅና መቀዝቀዝ በኋላ ከሆነ፣ ይህ ሰው የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ስንጥቁን ሊያይ አይችልም። ጥፋቱ የሚጀምረው ያልለካውንም እንደ ለካ አድርጎ 9.2 ብሎ ሲጽፍ ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኒንቴንዶ ስዊች 2ን እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 በ449.99 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ በአራት ቀናት ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። መሣሪያው መጥፎ ነው አላልንም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በገዛበት ጊዜ ስለ ዕቃው ዕድሜ በዓለም ላይ አንድም ልኬት ሊኖር አይችልም ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው።

የአንድ ነጥብ ልዩነት

ሜታክሪቲክ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የተለያዩ ገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ ከ100 አንድ አማካይ ያወጣል። ለየትኛው ገምጋሚ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን አይገልጽም። ኦብሲዲያን የተባለው ኩባንያ «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ» የተሰኘውን ጨዋታ በ2010 ሠራ። ከኩባንያው መሪዎች አንዱ የነበረው ክሪስ አቬሎን በ2012 እንደ ገለጸው፣ ኩባንያው ጉርሻ የሚያገኘው አማካይ ነጥቡ 85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነበር። የተገኘው 84 ሆነ።

እስቲ ይህችን አንድ ነጥብ እንመርምራት። ለአብነት ያህል 36 ገምጋሚዎች ቢኖሩና ነጥቦቻቸው ከአማካዩ በ12 ያህል ወዲህና ወዲያ ቢበተኑ፣ የአማካዩን የስሕተት ወሰን ለማግኘት 12ን ለ36 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ6 እናካፍላለን፤ ውጤቱ 2 ነው። እንግዲህ ቁጥሩ 84 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2 ነው። በ84 እና በ85 መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የሰው እንጀራ በእንዲህ ያለ ቁጥር ሲወሰን፣ የስሕተት ወሰን የፈተና ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ተማሪዎቻችን ይገነዘቡልናል ብለን እናምናለን።

የተሻለ ልማድም አለ። ፋሚትሱ የተባለው የጃፓን መጽሔት አንድን ጨዋታ ለአራት ሰዎች ሰጥቶ እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ እንዲሰጡ ያደርጋል፤ ከ40 ከሚታሰበው ድምር ጋር አራቱንም ነጥቦች ለየብቻ ያትማል። አንባቢው ገምጋሚዎቹ መስማማታቸውንና መለያየታቸውን በዓይኑ ያያል። 10፣ 9፣ 6፣ 6 እና 8፣ 8፣ 8፣ 7 ድምራቸው እኩል 31 ነው፤ የሚነግሩን ነገር ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ናሙናውን የመረጠው ማን ነው?

ልኬት በለኪው ነጻነትም ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2007 ጄፍ ጌርስትማን የተባለው የጌምስፖት ገምጋሚ ድረ ገጹ በሰፊው ያስተዋውቀው ለነበረው «ኬን ኤንድ ሊንች» ጨዋታ ከ10 ስድስት ሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሥራው ተሰናበተ። የማስታወቂያ ደንበኞች ጫና በስንብቱ ላይ ድርሻ እንደ ነበረው በ2012 ራሱ ተናግሯል።

ጉዳት የሚደርሰው ግን በጫና ብቻ አይደለም፤ ናሙና በመምረጥም ይደርሳል። «ሳይበርፐንክ 2077» እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ቀደም ብሎ ለገምጋሚዎች የተሰጠው በፒሲ የሚሠራው ቅጂ ብቻ ነበር። ነጥቡም ከፍ ያለ ሆነ። በፕሌይስቴሽን 4 የገዙት ደንበኞች ግን በየጊዜው የሚቋረጥና የሚንቀራፈፍ ጨዋታ ገጠማቸው። ሶኒ ከሳምንት በኋላ ጨዋታውን ከመደብሩ አወጣው፤ የመለሰውም በጁን 2021 ነበር። ገምጋሚዎቹ አልዋሹም፤ የለኩት ገዢው የገዛውን ዕቃ አልነበረም።

በእኛ ሰማይ ሥር

ተማሪያችን ያተማቸው ሃያ ገጾች የተጻፉት በአብዛኛው በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ የአየሩ ግፊትም በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእኩል ሙቀት የአየሩ እፍግታ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኮንሶሉ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው የአየር ይዘት ተመሳሳይ ቢሆንም መጠነ ቁሱ በአንድ አራተኛ ያንሳል፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ መጠነ ቁሱ ነው። ያንኑ ሙቀት ለማስወጣት ማራገቢያው ይበልጥ መሽከርከር አለበት። የከተማችን ቀዝቃዛ አየር በከፊል ይክሰናል፤ ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥን፣ የአቧራን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት መሥራትን ጨምሩበት። በእነዚህ ሁኔታዎች የተለካ ነጥብ በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አልነበረም።

አንዳንድ አንባብያን «ጨዋታ ደስታ ነው፤ ደስታ በቴርሞሜትር ይለካልን?» ይሉን ይሆናል። አይለካም፤ እኛም ጣዕምን ወደ ቤተ ሙከራ እናስገባ አላልንም። ምን እንደ ወደደና ምን እንደ ሰለቸው በቃላት የሚተርክ ገምጋሚ ታማኝ ምስክር ነው፤ ጣዕሙን ካወቅን በእርሱ ልክ የራሳችንን መገመት እንችላለን። የምንቃወመው ያንን ምስክርነት በአሥርዮሽ ነጥብ ሸፍኖ የመሣሪያ ንባብ ማስመሰልን ነው።

ለተማሪያችን የትኛውን እንደሚገዛ አልነገርነውም። በእነዚያ ወረቀቶች ፈንታ ሌሎች ገምጋሚዎችን እንዲጠይቅ መከርነው፤ እነርሱም ቀድመው የፕሌይስቴሽን ቤት የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ሁለት ቅዳሜ ዞሮ ዐሥራ አንድ ቤቶችን ጠየቀ። ይዞት የመጣው ሠንጠረዥ መሣሪያው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መጀመሪያ የተበላሸው በስንተኛው ወር እንደ ሆነ፣ የተበላሸው ክፍልና የጥገናው ዋጋ የሰፈሩበት ነው። በአብዛኞቹ ቤቶች ቀድሞ የተበላሸው ኮንሶሉ ሳይሆን ጆይስቲኩ ነበር፤ ስለዚህ ወንድማማቾቹ ያገለገለ ኮንሶል ገዝተው በተረፋቸው ገንዘብ ትርፍ ጆይስቲኮችን አስቀመጡ። ዐሥራ አንድ ቤት ትንሽ ናሙና መሆኑን እኛም እርሱም እናውቃለን፤ ከሠንጠረዡ ግርጌ ይህንኑ ራሱ ጽፎታል። አሃዶቹንም አልዘነጋም።

በየከተማችሁ ያላችሁ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ብታዘጋጁና ወደ መጽሔታችን ብትልኩ በደስታ እናትመዋለን። ቴርሞሜትር፣ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃችኋል። የስሕተት ወሰኑን ግን እንዳትዘነጉ፤ ነጥብ እንቀንሳለን።