«ሌንሱ ሞቷል» ማለት ምርመራ አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ ኤሌክትሮኒክስ ያስተማርኳችሁና ዛሬ የራሳችሁን ጥገና ቤት የከፈታችሁ ልጆች፣ ይሄ ጽሑፍ ትንሽ ይጎረብጣችኋል። ይጎርብጣችሁ።

ሰሞኑን ያንን የድሮውን ግራጫ ፕሌይስቴሽን፣ አንደኛውን፣ ከቁም ሳጥን አውጥቶ ማሠራት የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ኢንቦክሴ በዚሁ ተሞልቷል። ታሪኩ ደግሞ ያው አንድ ነው፤ ዲስክ አላነብ አለ፣ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ «ሌንሱ ሞቷል» አሉኝ፣ ቀየሩልኝ፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያው ሆነ። ሁለቴ የከፈለም አለ። ሌንሱ መሞቱ በምን እንደታወቀ፣ ምን ተለክቶ እንደተፈረደበት የተነገረው ግን አንድም ሰው የለም።

ይሄ ግምት ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። የግምቱን ሒሳብ የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው።

ጌም ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ማሽኑ ሲያስቸግር ገልብጠን፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርገን እንጫወት ነበር። ይሄ የእኛ ሰፈር ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካም አውሮፓም ያሉ ልጆች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የሞተ ሌንስ ስለተገለበጠ ከሞት ይነሳል እንዴ? አይነሳም። ነገርዬው ሌላ ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣው ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ሌንሱን ተሸክሞ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ጋሪ ፕላስቲክ ነው፤ የሚንሸራተተውም ፕላስቲክ ላይ ነው። የተቀመጠው ደግሞ ሙቀት ከሚያመነጨው ፓወር ሰፕላይ አጠገብ። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ሲፋተግ፣ ሙቀትም ሲጨመርበት ይበላል። ጋሪው ትንሽ ይዘማል፣ ሌንሱም ዲስኩን ቀጥ ብሎ ማየት ያቅተዋል። ስንገለብጠው ክብደቱ ወደ ሌላው ጎን ይጎትተውና ሌንሱ ወደ ቦታው ይጠጋል፤ ዲስኩን ያነባል። ሶኒ ራሱ በኋላ ባወጣቸው ሞዴሎች ሌንሱን ከፓወር ሰፕላዩ አርቆታል፣ ጋሪውንም ቀይሮታል። የአሥር ዓመት ልጅ ገልብጦ ያገኘውን ነገር ካቻቪቴ የያዘ ባለሙያ ሲያልፈው ማየት ያሳፍራል።

ማሽኑ እኮ ራሱ ይናገራል። ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው የሶኒ ስም ያለበት ነጭ ስክሪን ዲስክ አይፈልግም፤ ማሽኑ ውስጥ ካለው ሚሞሪ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥቁሩ፣ የፒኤስ ምልክት ያለበት፣ ዲስኩ ካልታወቀ አይመጣም። ስለዚህ ጥቁሩ መጥቶ ከዚያ በኋላ ከቆመ ሌንሱ እያነበበ ነው ማለት ነው። አነበበ! ከዚያ ወዲህ «ሞቷል» የሚል ሰው ስክሪኑን አላየም። ጨዋታው ደህና ሆኖ መግቢያው ላይ ያለው ፊልም ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሐዲዱና ጋሪው ነው። ነጩ ብቻ መጥቶ ወደ ሜኑ ከገባ ደግሞ የሙዚቃ ሲዲ አስገቡ። ዘፈኑ ከወጣ ሌንሱ ይበራል፣ ሞተሩም ይዞራል። (ጌም የሚነበበው በሙዚቃው እጥፍ ፍጥነት ስለሆነ ሙዚቃ መጫወቱ ሙሉ ጤና አያረጋግጥም። ሬሳ ግን ዘፈን አያጫውትም።)

ያን ጊዜ ተጠርጣሪው ዲስኩ ነው፣ ወይም ቺፑ። የእኛ አገር ዲስክ ባብዛኛው ኮፒ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ ኦሪጅናል ዲስክ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ያለውን ምልክት ይፈልጋል፣ ያንን ተራ ኮምፒውተር መጻፍ አይችልም። ለዚህ ነበር ቺፕ የሚበየድበት። ከዚያ ቺፕ አንዲት ቀጭን ሽቦ ከለቀቀች ኮፒው እምቢ ይላል፣ ኦሪጅናሉ ይሠራል። ለሽቦ ብለው ሌንስ የቀየሩ አሉ!

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሌንሱ አካል ላይ አንዲት ትንሽ የምትዞር ነገር አለች፣ ፖቴንሺዮሜትር ናት። ጥጥ ሳይነካ፣ ሐዲድ ሳይጸዳ፣ መጀመሪያ እሷን የሚያዞር ጠጋኝ አለ። ስትዞር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ወደ ሌዘሩ የሚሄደው ከረንት ይጨምራል፣ ሌዘሩ ይደምቃል። ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ከፍሎ ይሄዳል። ሌዘሩ ግን ከአቅሙ በላይ እየነደደ ነው፤ ዕድሜው ያጥራል። «ትንሽ ቆይቶ እንደገና ያው ሆነ» የሚለው ታሪክ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚጀምረው። እሷን መንካት መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም የነበረችበትን በቴስተር ለክቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ነው።

«አዲስ ሌንስ» የሚባለውም ያው ነው። ሶኒ ይሄንን ማሽን ማምረት ያቆመው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ወይ ዓመታት የተከማቸ፣ ወይ ሌላ ሰው ያስመሰለው፣ ወይ ታጥቦ የታሸገ አሮጌ ነው። የደንበኛውን ኦሪጅናል አውጥታችሁ ከዚህ አንዱን ስትተኩ የባሰውን እየሰጣችሁት ሊሆን ይችላል። ደግሞ ብዙዎቹ ስታቲክ እንዳያቃጥላቸው አንዲት የብየዳ ጠብታ ተደርጎባቸው ነው የሚመጡት፤ ከመገጠሙ በፊት መነሳት አለባት። ሳያነሷት ገጥመው «ቦርዱም ሄዷል» ያሉትን ምን ልበላቸው?

ጭራሽ የማይከፈተው ጉዳይ ቀላል ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ እኛ ቤት 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ሰክተውት ከሆነ መጀመሪያ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ እሱም ለብቻው የሚወጣ ትንሽ ቦርድ ነው። ፊውዙን እዩ፣ ወደ ዋናው ቦርድ የሚሄደውን 7.5 እና 3.5 ቮልት ለኩ። ትልቁ ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ሊይዝ ስለሚችል እጃችሁን አትስደዱ።

«ቲቸር፣ ደንበኛ እኮ ለምርመራ አይከፍልም» ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ኪራይም አለባችሁ። ግን ለማያስፈልገው ሌንስ እየከፈለ አይደል? ስክሪን ማየት ሁለት ደቂቃ ነው። ሌንሱን በአልኮልና በጥጥ መጥረግ፣ ሐዲዱ ላይ የደረቀውን ግሪስ አንስቶ ለፕላስቲክ የሚሆን በስሱ መቀባት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለዚያ ዋጋ አውጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሰው የገባውን ነገር ይከፍላል።

ደንበኞችም፣ የተቀየረው አሮጌ ሌንስ የእናንተ ንብረት ነው፤ አስመልሱት። ልትከራከሩኝ የምትፈልጉ ጠጋኞች ኮሜንቱ ክፍት ነው፣ ግን ቁጥር ይዛችሁ ኑ፤ ስንት ኦም ለካችሁ፣ የትኛው ስክሪን ላይ ቆመ፣ ሲገለበጥስ ምን ሆነ?