ሒሳቡን ማን ይክፈል?

አዲስ አበባ ውስጥ ፍቅር የሚፈተነው ካፌ ውስጥ ነው። አራት ሆነን ማኪያቶ እንጠጣለን። አንዱ «ሒሳብ!» ብሎ ያጨበጭባል። ከዚያ ግብግብ ይጀመራል። «በእናትሽ እኔ ልክፈል!» «ሞቼ ነው ቆሜ!» «ባለፈውም የከፈልከው አንተ ነህ!» አስተናጋጇ ብሩን ከየትኛው እጅ እንደምትቀበል ግራ ይገባታል። ይህቺ ጠባያችን ደስ ትለናለች፤ ስንኮራባትም እንኖራለን። ችግሩ የምትሠራው ለማኪያቶ ብቻ መሆኑ ነው። የእምነት ሒሳብ ሲመጣ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል፣ አንዷ «መጣሁ» ብላ ትወጣለች። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ሰው ብቻውን ይከፍላል።

ዛሬ የምንጽፈው ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ስለቀረች ልጅ ነው። ደግሞም ስለ እኛ፣ ስልካችንን ስላየነው።

አብራን የተማረች ናት። ስሟንም የሠራችበትንም መሥሪያ ቤት አንጠራም። ጋዜጠኝነት ተምረን ግማሾቻችን ሕዝብ ግንኙነት ሆነን ቀርተናል (ሳቁ፣ ግድ የለም)፤ እሷም እንደዚያው ነበረች። አንድ ቀን አለቃዋ የሥልጠና አቴንዳንስ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ የአርባ ሰው ስም፣ አበል፣ ሻይ ቡና፣ የአዳራሽ ኪራይ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል። የጎደለው ሥልጠናው ብቻ ነው፤ አልተካሄደም። ከእሷ የሚፈለገው ከስሟ ትይዩ መፈረምና «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የምትል አጭር ዜና መጻፍ ነበር። የእሷም ድርሻ ተመድቦላታል።

አልፈርምም አለች። አልጮኸችም፣ ማንንም አልሰደበችም። «ይቅርታ፣ ይሄ ውሸት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ» አለች። አለቃዋ ከልቡ ተገርሞ «እና እኔ ምንድን ነኝ?» አላት።

ከሁለት ወር በኋላ ኮንትራቷ አልታደሰም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ ቆማ መሰከረች። ጉባኤው አጨበጨበ፣ እልል አለ። ከመካከላችን እዚያው የነበርን አለን፤ እኛም አጨበጨብን። ከጸሎት በኋላ ሁሉም እየመጣ አቀፋት፣ «ጌታ ሌላ በር ይከፍታል» አላት። የተከፈተ በር ግን አልነበረም። ይልቅ ኪራይ ያልተከፈለበት በር በየወሩ ይንኳኳ ነበር። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው የምትኖረው፤ የሚያስተምረውም እሷ ናት። በሦስተኛው ወር ላፕቶፗን ሸጠች።

ለማን? ከመካከላችን ለአንዱ። በቅናሽ።

እናም ይህ ጽሑፍ የቁጣ ጽሑፍ ነው። ከመቆጣታችን በፊት ግን ማን ላይ እንደምንቆጣ ይታወቅልን፤ ከመስተዋት እንጀምራለን።

ሁለት ዓይነት ዋጋ

አማርኛችን ተንኮለኛ ነው። «ዋጋ» ስንል የምንከፍለውንም የምንቀበለውንም እንላለን። ሰው ዋጋ ይከፍላል፤ ሰው ዋጋውን ያገኛል። በእኛ ዕድሜ የተሰበከልን ሁለተኛው ዋጋ ብቻ ነው። ቪዛ፣ ቪላ፣ ትዳር፣ መኪና። በየኮንፈረንሱ «ዘር» ይዘራል፣ ምርቱም በብርና በዶላር ይጠበቃል። «ዘንድሮ ትነሣለህ» ያላለ ነቢይ ማን ያዳምጠዋል? «ዘንድሮ በእውነት ምክንያት ከሥራ ትባረራለህ፣ እኛም አብረንህ እንቆማለን» ብሎ የተነበየ እስካሁን አልሰማንም። ትንቢቱ ደግሞ ከሁሉም የቀረበ ነበር!

ይህን ስናነብ ነጠላችንን አስተካክለን «እነዚያ ጴንጤዎች» የምንል ካለን፣ ትንሽ ቆይ። ከዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ግማሾቻችን ማዕተብ ያሰርን ነን፤ ቤታችንን እናውቀዋለን። ማዕተባችንን ፎቶ ላይ ከሸሚዝ ውጭ እናወጣለን፤ ቢሮ ስንገባ ግን ሕሊናችንን ውስጥ እንከታለን። ፍልሰታን ሁለቱን ሳምንት ጾመን አሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ ጉቦ የምንበላ ስንት ነን? የጾም ዝርዝራችን ውስጥ ሥጋና ወተት አለ፤ ጉቦ የለም።

ኢየሱስ ግን ተከታይ ሲመለምል የሚገርም ማስታወቂያ ነበር የሠራው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ብዙ ሕዝብ ሲከተለው ዘወር ብሎ መጀመሪያ ተቀምጣችሁ ሒሳብ ሥሩ አላቸው። ግንብ ሊሠራ ጀምሮ መጨረስ ያቃተውን፣ የመንደሩ መሳቂያ የሆነውንም ሰው አነሣላቸው። አዲስ አበቤ ለዚህ ምሳሌ ሰባኪ አያስፈልገውም፤ በየሰፈሩ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ስንት ዓመት የቆመ ሕንፃ አለ። የእኛም ክርስትና እንደዚያ ነው። መሠረቱ ላይ ትልቅ ድግስ ነበር፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገንዘብ አለቀ።

የሐውልት ክርስትና

«ምን ነካችሁ፣ የሰማዕታት አገር እኮ ነን!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገሩ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አቡነ ጴጥሮስን አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ረሸነ። አርበኞችን አውግዘው ቢያድሩ ኖሮ ይተርፉ ነበር። አላወገዙም። ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 21 ቀን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ውስጥ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ከዚያ በፊት ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ ሕዝባቸውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ተሠቃይተው ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። ስለ ባልየው ስናወራ ስለ እሳቸው የምናነሣው በስንት አንዴ ነው?

ቄስ ጉዲናን ብዙ ሰዎች ከጀርመናዊው ፓስተር ከዲትሪች ቦንሆፈር ጋር ያመሳስሏቸዋል። ቦንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1937 ስለ ደቀ መዝሙርነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰውን ምንም የማያስከፍለውንና ምንም የማይለውጠውን ጸጋ «ርካሽ ጸጋ» ብሎ ጠራው። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ገብቶ ነበር፤ እዚያ ቢቀር ማንም አይወቅሰውም። ሳይከርም ተመልሶ ሄደ። ናዚዎች ሚያዝያ 9 ቀን 1945 ሰቀሉት፤ ጦርነቱ አውሮፓ ውስጥ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ደግሞ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ወጣ። ያኔ የትምህርት ቤት ልጆች ነበርን። ቢያንስ ሁለቱ የቂርቆስ ሰፈር ልጆች መሆናቸው ሲሰማ ከተማው እንዴት እንዳለቀሰ እናስታውሳለን። ጳጳስም ፓስተርም አልነበሩም። እንጀራ ፍለጋ የወጡ የሰፈር ልጆች ነበሩ።

እነዚህን ሁሉ እናከብራለን። ያከበርናቸው ግን እንዳንከተላቸው አድርገን ነው። ሐውልት እናቆምላቸዋለን፣ ዓመት በዓላቸውን እንለጥፋለን፣ «እኔም ለእምነቴ አንገቴን እሰጣለሁ» እንላለን። አንገታችንን የጠየቀን ግን የለም። የተጠየቅነው ፊርማ ነው። ሰይፍ ቢመጣ እንሞታለን እንላለን፤ አቴንዳንስ ሲመጣ እንፈርማለን።

መስቀል ያልሆነ መስቀል

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልን ይህ ጽሑፍ ራሱ መርዝ ይሆናል።

«ዋጋ መክፈል» የምትለውን ቃል ጉልበተኞችም ይወዷታል። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽ ነው፣ ቻይው» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ደሞዝ ሳይከፍሉ የሚያሠሩና «ለጌታ ነው የምትሠሩት» የሚሉ አገልግሎቶች አሉ። የተበደለን ሰው «ይቅር በል» ብለው አፉን የሚዘጉም አሉ። ይህ ደቀ መዝሙርነት አይደለም፤ ደካማ ላይ ሸክም መጫን ነው። ክርስቶስ መስቀል ተሸከሙ ሲል በጀርባችሁ ተሸከሙ ነው ያለው፤ በጎረቤታችሁ ጀርባ ጫኑ አላለም። እውነትን ስለያዝን የሚመጣብን መከራ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው እንዲመቸው የምንቀበለው ዱላ ሌላ። ሁለቱን የሚቀላቅል ሰባኪ ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ።

«ጥበበኛ ሁኑ»

ጓደኛችንን ካቀፏት መካከል ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጥበብም ያስፈልጋል እኮ፤ ፈርመሽ አበሉን አሥራት ብትሰጪው ኖሮ» ያሏት ትልቅ ሰው ነበሩ። አልቀለዱም። ክርክሩ እንዲህ ነው፤ እውነተኛ ሰው ከወጣ ቦታውን ሌባ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቆየት ይሻላል። ይህን ክርክር አንንቀውም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሲያነሣው ደግሞ ድንጋይ የምንወረውር እኛ አይደለንም። ግን እስኪ ቆጥረን እንይ፤ ለጥበብ ብለን ከፈረምን ስንት ዓመታችን ነው? ቆይተንስ ምን ለወጥን? እኛ እስከምናውቀው የተለወጠው ፊርማችን ነው፤ ፈጠነ።

ደግሞም ያ ሽማግሌ ያን ያሉት ክፉ ሆነው አይመስለንም። ሌላ የሚሰጧት ነገር ስላልነበራቸው ነው። አንዲት ልጅ እውነት ተናግራ ብትወድቅ የሚይዛት መረብ እንደሌለ ያውቃሉ። ስለዚህ አትዝለይ አሏት። እውነቱን ለመናገር መረቡ በሌለበት ስለ ዋጋ መክፈል መስበክ ጭካኔ ነው። ሰባኪው ደሞዙን ይቀበላል፣ እኛ አሜን እንላለን፣ ልጅቷ ትራባለች።

ጸረ ደርጎቹ አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ደርግ በ1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስ መሪዎቿን አሰረ። አባላቱ በየቤቱ ተከፋፍለው በጥቂት በጥቂት ተሰበሰቡ። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት ምእመናን ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። በጀግንነት ብቻ አይደለም። የዚያ ዘመን ሰዎች ሲያወሩ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ቃል አለ፤ ስንቅ። የታሰረ ሰው ስንቅ ይፈልጋል፤ ስንቁን ደግሞ በየተራ የሚያመላልስ ሰው ይፈልጋል። ማመላለሱም በራሱ ያስጠይቅ ነበር። ሒሳቡን የተካፈሉት እንዲህ ነው።

የኛ ጥያቄ

ስለዚህ ጥያቄያችን ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ለማኅበራት፣ ለካምፓስ ፌሎሺፖች ይህ ነው፤ የሕሊና ዕድር አቋቁሙ።

ዕድር አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ንፍሮ፣ ገንዘብ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ ዓለምን ማስተማር የምንችል ሕዝብ ነን። ታዲያ ለሞተ ሰው ይህን ሁሉ የምናደርግ ሰዎች አልዋሽም ብሎ ደሞዙ ለሞተበት ሰው ምነው ድንኳን አጣን? በወር ትንሽ መዋጮ። ጉዳዩን የሚያጣሩ ሁለት ሦስት የታመኑ ሰዎች። የሦስት ወይም የስድስት ወር የቤት ኪራይ። ሲቪ የሚያዞር፣ ሰው የሚያገናኝ። ለአንድ ኮንፈረንስ ስቴጅና መብራት የሚወጣው ብር ለስንት ሰው ኪራይ እንደሚበቃ ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ለእኛ ለወጣቶቹም አለን። አጨብጭበን አንሂድ። አንድ ሰው ስለ እውነት ከሥራ ወጣሁ ብሎ ሲመሰክር ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ኪራይሽ ስንት ነው?» ይሁን። ፊት ለፊት ያሳፍራል፣ እናውቃለን። እኛ ግን ሳንጠይቅ መቅረታችን ነው ያሳፈረን።

ባለፈው ሳምንት ላፕቶፑን ይዘን ሄድን። እህቷ ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ ነው አሁን የምትኖረው። ስታየን ደነገጠች። «ገንዘቡን እኮ በልቼዋለሁ፣ ከየት አምጥቼ እመልስላችኋለሁ?» አለች። የምትመልሺው የለም አልናት። ቡና አፈላችልን። ሦስተኛው ላይ፣ በረካው ላይ፣ ደፍረን ጠየቅናት፤ ያን ቀን ብትፈርሚ ይሻል ነበር ብለሽ ታውቂያለሽ?

«ማታ ማታ» አለች። «ጠዋት ግን አይደለም።»

ከመካከላችን መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ስንወጣ የኪራዩን ነገር በየተራ ለመያዝ ተስማማን፤ የዚህ ወር የኛ ነው፤ የሚቀጥለውን ማን እንደሚይዝ ታውቋል። ቅድስና አይደለም፣ የዘገየ ዕዳ ነው።

ሒሳብ መጥቷል ጎበዝ። ስልካችሁን አትዩ።