የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ሱቁም ባለሱቁም እንዲቆዩ

የዚህ እትም ጉዳይ አነስተኛ ንግድን እንቅልፍ ሳያጡ ማቆየት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ብዙ ነጋዴ ዛሬ የሸጠውን ዕቃ ነገ በስንት እንደሚተካ እያሰላ ያድራል። ዝንጅብል አብቃይዋ የከምባታ ከተማ ሀደሮ እንዲህ ያለውን ጭንቀት ቀድማ ታውቀዋለች። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ባክቴሪያ የዝንጅብሉን ማሳ ሲያጠወልግ ጉዳቱ በገበሬው አላበቃም፤ ሰብሳቢውም፣ ጫኙም፣ ለገበሬው በዱቤ የሸጠው ባለሱቅም አብረው ተናጉ። አንድ ምርት ላይ የተንጠለጠለ ንግድ የባለቤቱንም አእምሮ አንድ ገመድ ላይ ያንጠለጥላል።

«ዕረፍት ለደመወዝተኛ ነው፤ ሱቅ የዘጋ ደንበኛ ያጣል» የሚሉ አሉ። በተለይ በሀዲያው ያሆዴና በከምባታው መሳላ በዓላት ሰሞን እውነት አላቸው፤ የዚያ ሳምንት ገበያ አይመለስም። ነገር ግን ያለልክ ዱቤ የሚሰጠው፣ በከባድ ወለድ የሚበደረውም የዛለ አእምሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ውጥረት የሚመጣን መዛል በበሽታዎች ምደባው ውስጥ፣ በሽታ ሳይለው፣ የሥራ ክስተት ብሎ አስፍሮታል። በሚቀጥሉት ገጾች የቤትና የሱቅ ገንዘብን መለየት፣ ለዱቤ ጣሪያ ማበጀት፣ ዕቁብን ከአቅም ጋር ማመዛዘንና ጭንቀት ሲበረታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ በዝርዝር ቀርበዋል።