ከፍ ለተደረገ ፒክአፕ ጎማ ስንመርጥ

ቁመቱ ከፍ የተደረገ ፒክአፕ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ዓይናችሁ በቅድሚያ የሚያርፈው በጎማው ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። የባለቤቱም ሐሳብ የሚያርፈው እዚያው ነው። ባሌስትራውን አስለውጦ ሻንሲውን ከፍ ካደረገ በኋላ ወደ ጎሚስታ ሄዶ የሚጠይቀው፣ «የሚገባበት ትልቁ ጎማ የትኛው ነው?» ብሎ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቶዮታ ሃይሉክሱን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ አስደርጎ ይህንኑ ጥያቄ ለእኔ አቀረበልኝ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ጎማ የሚመረጠው ፓራፋንጎው ሥር ባለው ክፍተት ልክ ሳይሆን መኪናው በሚሠራው ሥራ ልክ ነው፤ ለሥራው ከሚበቁት መካከልም ትንሹ ይመረጣል ባይ ነኝ።

አስቀድመን በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እናንብብ። የተማሪዬ መኪና የነበረው ጎማ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ያመለክታል። 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ቸርኬው 431.8፣ የላይና የታች ጎኑ በአንድነት 344.5፣ ጠቅላላ ዲያሜትሩም 776.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተመኘው 285/70 አር 17 በዚሁ ስሌት 830.8 ሚሊ ሜትር ነው። ዕድገቱ 7 በመቶ መሆኑ ነው።

ይህ 7 በመቶ ምን ያስገኛል? ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ባሌስትራው ከፍ ሲል ከፍ የሚለው ሻንሲውና ቦዲው ነው፤ የኋላው ዲፈረንሻል ግን ከአክሱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ካለበት አይነቃነቅም። ድንጋይ በቅድሚያ የሚያገኘው ደግሞ እርሱን ነው። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ራዲየስ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪዬ በዚህ ረገድ የሚያገኘው ትርፍ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሁለት ጣት ስፋት እምብዛም አይበልጥም።

ዋጋውን ደግሞ እንመልከት። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው የመሽከርከሪያውን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለም። በመሆኑም መርፌው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚጓዘው በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ነው። የእንቅስቃሴ አቅም በፍጥነት ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ሹፌሩ ሳያውቀው ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው አቅም ከ14 በመቶ በላይ ይጨምራል። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ሞተሩ በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ጠምዛዥ ጉልበቱ ሳይለወጥ ክንዱ ረዝሟልና። ዳገት ላይ ይህ መጎተት ብቻ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ግን በማርሽ የሚያገኘው የሞተር መያዝም እንደሚላላ፣ የቀረውንም ፍሬኑ እንደሚሸከም ማስታወስ አለበት። የጎማው ክብደት 10 በመቶ ቢጨምር፣ ከራዲየሱ ዕድገት ጋር ተዳምሮ የመሽከርከር ኢነርሺያው በ26 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መገልበጥ ነው። የመኪና መረጋጋት በቀላሉ የሚገመተው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ግማሽ ለስበት ማዕከሉ ከፍታ በማካፈል ነው። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪኖችን የመገልበጥ ሥጋት ለሕዝብ ሲገልጽ ለደረጃው መነሻ ያደረገው ይህንኑ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ያህል የጎማዎቹ ርቀት 1500፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 700 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ውጤቱ 1.07 ነው። ማዕከሉ በ60 ሚሊ ሜትር ከፍ ቢል ወደ 0.99 ይወርዳል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ወደ ጎን የሚይዘው ከክብደቱ 0.8 ወይም 0.9 ያህል ስለሆነ፣ መኪናው ከመገልበጡ በፊት ሊንሸራተት ይገባል፤ ለጊዜው ያድነዋል። ከኋላ ዕቃ ተቆልሎ በላዩ ሰዎች ሲቀመጡ ግን ማዕከሉ ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ያ ጠባብ ልዩነትም ያልቃል። በየመንገዱ የምናየው አጫጫን ይህ አይደለምን?

«ሰፊ ጎማ መሬቱን በብዛት ይይዛል» የሚሉ አሉ። ጎማው መሬት የሚነካበት ስፋት በግምት ክብደቱ ለአየሩ ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 500 ኪሎ ግራም የተሸከመ ጎማ በ2.5 ባር ሲነፋ ሰፊም ሆነ ጠባብ ወደ 200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነካል፤ የሚለወጠው በአብዛኛው ቅርጹ ነው። አየሩ ወደ 0.5 ባር ቢቀነስ ግን ስፋቱ ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። አይስላንዳውያን በበረዶ ግግር ላይ ለሚነዷቸው ፒክአፖች 38 ኢንች ጎማ የሚገጥሙት ለዚህ ነው፤ አየሩን እጅግ ቀንሰው በለስላሳ በረዶ ላይ ለመንሳፈፍ። በ2007 እ.ኤ.አ. ወደ መግነጢሳዊው ሰሜን ዋልታ አካባቢ የተጓዙት ሃይሉክሶችም በእነዚሁ ባለሙያዎች የተዘጋጁ ነበሩ። እዚያ ትልቁ ጎማ ሥራ አለው። ከአስፋልት ለማይወጣ መኪና ይህንኑ መግጠም ግን በጠራራ ፀሐይ ካቦርት እንደመልበስ ይቆጠራል።

ስለ ቸርኬም ጥቂት ልበል። ጠቅላላው ዲያሜትር 830 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቸርኬው 17 ኢንች ከሆነ ለጎማው ጎን 199 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ 20 ኢንች ከሆነ 161 ብቻ። ጉድጓድ ሲያጋጥም የሚተጣጠፈው ይህ ጎን ነው፤ ሲያጥር ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ያልፋል። ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ደግሞ መልኩ ቢያምርም ኩሽኔታውን ያለ ዕድሜው ይበላዋል።

ተማሪዬ ምክሬን ወዲያው አልተቀበለም። ትልቁን ጎማ አስገጠመ፤ ገባም። ከሳምንታት በኋላ ግን ዕቃ ጭኖ መሪውን ሙሉ በሙሉ ሲያዞር የፊቱ ጎማ ፓራፋንጎውን ይፍቅ ጀመር። አሁን የሚነዳው 265/70 አር 17 ነው፤ ከድሮው 3.4 በመቶ የሚበልጥ፣ ዲፈረንሻሉንም 13 ሚሊ ሜትር ከፍ ያደረገ። ከመሪው አጠገብ «100 ማለት 103 ነው» የሚል ወረቀት ለጥፏል።