ማጽጃው ምን አጸዳ?

እኛ ዳባት ያደግን ልጆች በደንብ የምናውቀው አንድ ሐኪም አለ፤ ስሙ «ፎርማት» ይባላል። ኮምፒውተር ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባ? ፎርማት። ሐኪሙ ካልተገኘ ረዳቱ ይጠራል፦ ማጽጃ ሶፍትዌር። በፍላሽ ይመጣል፣ ይጫናል፣ «ይህን ያህል ሜጋባይት ቆሻሻ ተገኘ» ይለናል፤ እኛም ደስ ይለናል። በማግስቱ ኮምፒውተሯ እንደ ልማዷ ታዘግማለች።

የደረሰብንን እናውጋችሁ። የቤታችን ዴስክቶፕ እስክትነሳ ቡናው በረካ ይደርስ ጀመር። እህታችን የመመረቂያ ጽሑፏን የምትጽፈው በእሷ ነበር። እኛም «የተማረ ይግደለኝ» ብለን፣ አንድ ወዳጃችን የሰጠንን ክራክ የተደረገ ማጽጃ ጫንን። በሁለተኛው ቀን የእህታችን ፍላሽ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ተገኘ። ደንግጠን ፍላሹን ፎርማት አደረግነው። ሁለት ምዕራፍ ሄደ! ያ ቫይረስ ፋይሎቹን የሚደብቅ እንጂ የሚያጠፋ እንዳልሆነ የሰማነው ከዚያ በኋላ ነው። ያጠፋነው እኛው ነን።

ማጽጃ ሁሉ መጥፎ ነው አላልንም። ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ ጊዜያዊ ፋይሎችን ማስወገድ ይረዳል። ግን ለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ «ዲስክ ክሊንአፕ» የሚባል ነጻ መሣሪያ ከዊንዶውስ 98 ጀምሮ አለ። «ሬጅስትሪ እናጸዳለን» የሚሉትን ደግሞ ማይክሮሶፍት ራሱ አይደግፋቸውም፤ ስህተት ቢሠሩ ዊንዶውሱ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

«ኦሪጅናሉን ካወረድንስ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ዙሪያ የታወቀው ሲክሊነር ራሱ ተጠለፈ። ሰርጎ ገቦች 5.33 በተባለው እትም ውስጥ ተንኮል አዘል ኮድ ከተቱ፤ ከኩባንያው እጅ የወጣው ይኸው እትም ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ገባ። ከባለቤቱ እጅ የወጣው እንዲህ ከሆነ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የከረመው ክራክ ምን ይዞ እንደሚመጣ ገምቱት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛም በሽታውን ሳንጠይቅ መድኃኒት እናዛለን። መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ከፍተን እንይ፤ ኮምፒውተሯ ስትነሳ አብረው የሚነሱ፣ ማንም ያልጠራቸው ስንት ፕሮግራሞች አሉ? የማንጠቀምባቸውን እናጥፋ። ራሟ ትንሽ ከሆነ የትኛውም ማጽጃ ራም አይጨምርላትም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ከአሥር ማጽጃ ይበልጣል። ሽፋኗ ተከፍቶ አቧራዋ ይራገፍ፤ ማራገቢያዋ ሲታፈን ትግላለች፣ ስትግል ትዘገያለች። የእኛን ከተማ አቧራ ደግሞ ማን ይነግራችኋል? ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁም እወቁት፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ያንን ክፍተት ማጽጃ አይደፍነውም።

ከሁሉ በፊት ግን ቅጂ! የምትሳሱለትን ፋይል ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ሞክሩ። እህታችን ሁለቱን ምዕራፎች እንደገና ጻፈቻቸው፤ ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አሁን ፍላሿን ስንጠይቃት «ምን ልትጭኑበት ነው?» ሳትል አትሰጠንም። እውነቷን ነው።